ለዝምተኛ ተማሪ የመጣ ሽልማት

ዛሬም ድረስ «ጭምት ልጅ ናት» ሲባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሰው ለምስጋና ብሎ የሚናገረው ቃል እንዴት እንዲህ ያንገበግብሃል የሚለኝ ካለ፣ ቁጭ ይበልና ይስማኝ።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ፤ የስደተኛ ትምህርት ቤት አስተማሪ። አገር ቤት ደርግ የሰው ልጅ ከቤቱ እየለቀመ በሚወስድበት ዘመን በመተማ በኩል ወጥቼ፣ ከጎንደር ይዤ የመጣሁት አንድ የመምህርነት ወረቀት ብቻ ነው። ሕንጻው የራሳችን አልነበረም። ጠዋት የሱዳን ልጆች ይማሩበታል፤ እነሱ ሲወጡ በቀትሩ ግለት እኛ እንገባለን። ልጆቹ ላባቸው ደብተር እንዳያበላሽባቸው ክንዳቸው ሥር ጨርቅ እያነጠፉ ነበር የሚጽፉት። ጥቁር ሰሌዳውን እንኳ መንካት አይፈቀድልንም፤ የጠዋቱ አስተማሪ የጻፈው ዐረብኛ ለነገ ይፈለጋል። ትምህርቱ አስረኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ መማር የሚፈልግ ካርቱም መሄድ አለበት። ለዚያ ደግሞ ተስሪህ የሚሉት የጉዞ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ማደሪያ ያስፈልጋል፣ የሚከፍል ሰው ያስፈልጋል። ማን አለው? ማንም።

ልጅቷ አስረኛ ክፍል ነበረች። የመጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ስትጠራ ብቻ ትነሣለች፤ ድምጿን ለመስማት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። አባቷ ፋው በሚባለው የመስኖ እርሻ ላይ ጥጥ ለቃሚ ናቸው። እሷ ገዳሪፍ አክስቷ ዘንድ ሆና ትማራለች። አባቷ ቁርጡን ነግረዋታል፤ አስረኛን ስትጨርስ ወደ ፋው ትመጣለች፣ ጥጥ ትለቅማለች፣ ዓመት ሳይሞላም ትዳራለች። ለባልነት የታጨው ሰውዬ ከኔ በዕድሜ ይበልጥ ነበር።

በዚያ ዓመት የሒሳብ አስተማሪያችን «ካርቱም ለሁለት ቀን ደርሼ ልምጣ» ብሎ ሎሪ ላይ ወጣ። እንደወጣ ቀረ። አልፈርድበትም፣ ሁላችንም ዓይናችን መንገድ መንገዱን ነበር። ግን አርባ ልጅ ያለ አስተማሪ ሜዳ ላይ ቀረ። ዳይሬክተራችን ይህን ያወቀው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እንዴት ይወቅ? በሒሳብ ሰዓት በመስኮቱ ሲያልፍ ጫጫታ የለም፤ ሁሉም አቀርቅሮ ይሠራል። አስተማሪው የሆነ ቦታ ጎንበስ ብሎ ደብተር የሚያይ ይመስለዋል።

አስተማሪው እሷ ነበረች። አንድም ቀን ከፊት አልቆመችም። ያረጀ በርሜል አስቀጥቅጣ፣ የሞተ ባትሪ የውስጡን ጥቁር ፈጭታ ቀብታ፣ ለክፍሉ የራሱን ሰሌዳ ሠራችለት። ጥያቄውን ሌላው ሳይገባ ትጽፍና ወደ ኋላ ወንበሯ ትሄዳለች። ቀድሞ የጨረሰውን «እስቲ እሱ ዘንድ ቁጭ በልና አሳየው» ትላለች፤ ያ የታየው ደግሞ ሌላውን ያሳያል። በዚህ ዓይነት አርባው ልጅ አርባ አስተማሪ ሆነ። እኔ በመምህርነት ሥልጠና ያላየሁት ዘዴ ነው፤ አዎ፣ ቀንቻለሁም።

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ደግሞ ወንዶቹ ጠፉ። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ካልታጨደ ይረግፋል፤ ያንን ሁለት ወር ያልሠራ ቤተሰብ ክረምቱን ጦሙን ያድራል። ልጆቹ ሲመለሱ ትምህርቱ ጥሏቸው ሄዷል፤ በየዓመቱ ግማሹ እዚያ ላይ ነበር የሚያቋርጠው። ያን ዓመት አንድም አላቋረጠም። የቀረውን ትምህርት ሁሉ በእርዳታ ዱቄት ከረጢት ወረቀት ላይ እየገለበጠች፣ ለእያንዳንዱ ልጅ በሲባጎ ሰፍታ አቆይታለት ነበር። አንድም! እኔ ያን መዝገብ የያዝኩ ሰው ነኝ፣ ማንም አይነግረኝም።

እንግዲህ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ለስደተኛ ትምህርት የሚረዳ አንድ ድርጅት ሽልማት ይዞ መጣ። «በዝምታ ሌሎችን የመራ፣ በችግር የጸና» አንድ የአስረኛ ክፍል ተማሪ ተመርጦ ካርቱም አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል። ፈቃዱም፣ ማደሪያውም፣ ክፍያውም በነሱ። ማስታወቂያውን ሳነበው ሳቄ መጣ። ይህን የጻፉት እሷን አይተው ነው አልኩ። አስተማሪዎቹ ሁሉ ሁለት ስም ብቻ ሰጠን፣ ምክንያት አልተጠየቅንም፤ የሷንና የአንድ ልጅ።

ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ። ከድርጅቱ አንዲት ፈረንጅ ሴት፣ ከሱዳን መንግሥት አንድ ሹም፣ ከኛ ከስደተኞቹ ደግሞ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ። አስተርጓሚው እኔ። ከኔ በፊት የነበረው አስተርጓሚ ከራሱ እየጨመረ አስቸግሮ ተባሯል፤ ስለዚህ ሴትዮዋ ጠዋቱን ጣቷን ቀስራ «ያሉትን ብቻ። አትጨምር፣ አትቀንስ» ብላኛለች። እኔም ጎበዝ ተማሪ ነኝና «እሺ» አልኩ።

ልጁ ቀድሞ ገባ። ካርቱም ያደገ ነው፤ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው፤ እኔ አላስፈለግኩትም። የጥናት ቡድን እንደነበራቸው፣ ደካማውን እንዴት እንደሚያግዙ፣ ከአጨዳ ተመልሶ እንዴት እንደተከታተለ አንድ በአንድ ተረከ። አንዱም ውሸት አይደለም። ቡድኑን ማን እንደጀመረው፣ ሲመለስ ያጠናበትን ወረቀት ማን እንደገለበጠለት ግን አላነሳም። አልተጠየቀማ! ሴትዮዋ ገጹን ሞልታ ጻፈችለት።

እሷ ገባች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተቀመጠች።

«ለክፍል ጓደኞችሽ ምን አደረግሽላቸው?» ተባለች፤ ተረጎምኩ።

«ኧረ እኔ ምንም አላደረግኩም» አለች። «እነሱ ናቸው እኔን የረዱኝ።»

«አቤት ጭምትነት!» አሉ ሽማግሌው ጭናቸውን መታ አድርገው። «ያሳደገሽ ይባረክ!»

እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ኮራሁባት። የኔ ተማሪ! ደረቴን ነፍቼ ለሴትዮዋ ቃል በቃል አቀበልኳት፤ «ምንም አላደረግኩም ትላለች። እነሱ ናቸው የረዷት።» የሽማግሌውን ምርቃት አልተረጎምኩም፤ መልስ አይደለማ። አትጨምር ተብያለሁ!

እኛ አገር የተመሰገነ ሰው ይክዳል። ያንን ሕፃንም ያውቃል። ክህደቱ ግን የነገሩ ግማሽ ነው። እሷ «ምንም» ስትል ሌላው ብድግ ብሎ «ኧረ ውሸቷን ነው! እሷ ደብቃ ነው፤ እኔ ልንገራችሁ» ይላል። ጨዋው የሚክደው የሚናገርለት ሰው አጠገቡ እንዳለ አውቆ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ የሚናገርላት ሰው እኔ ነበርኩ። ተራው የኔ ነበር። ሰሌዳውን አይቻለሁ፣ ወረቀቶቹን በእጄ ይዣለሁ፣ እንግሊዝኛውም አፌ ላይ ነው።

ሴትዮዋ አንዲት መስመር ጻፈችና ብዕሯን አስቀመጠች። ሹሙ ወደኔ ዞሮ «ኻላስ፣ ያ ኡስታዝ?» አለኝ፤ አበቃ ወይ መምህር፣ ሌላ የለም ወይ ማለቱ ነው። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልኝ እኮ! እኔ ምን አልኩ? «ኻላስ» አልኩ። ወይ ነዶ! «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ውሸት ነው፤ ይነቅዛል። የኔው ነቅዞ እስካሁን ይሸተኛል።

ሽማግሌው ውጭ ሲያገኙኝ ክንዴን ይዘው «አለቀ፣ የሷ ነው» አሉኝ። «እንዲህ ያለ የጨዋ ልጅ አይተው ለማን ሊሰጡ ነው?» እውነታቸውን ነው፤ በኛ ሚዛን አሸንፋ ወጥታለች። ሽልማቱን የያዘችው ሴት ሚዛኑን እንደማታውቅ ግን ሁለታችንም አላሰብንም፤ እኔ ያሰብኩትም ዘግይቼ ነው።

በሳምንቱ የተነበበው የልጁ ስም ነበር። ክፍሉ አላጨበጨበም። ልጁ ራሱ ወደ ኋላ ወንበር ዞር ብሎ አያትና አንገቱን ደፋ።

በብስጭት ሴትዮዋ ያረፈችበት ድረስ ሄድኩ። ጥላ ሥር ተቀምጣ ወረቀት ታገላብጣለች። ቆሜ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ በርሜሉን፣ ባትሪውን፣ የከረጢቱን ወረቀት፣ ያላቋረጡትን ልጆች። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ።

«አትጨምር ብለሽኛል!» ብዬ ጮህኩ።

«ስታስተረጉም አትጨምር አልኩህ። ከተረጎምክ በኋላ አስተማሪዋ ነህ፤ ብትናገር ማን ከለከለህ?»

የልጁ ስም ካርቱም ተልኳል፤ ቦታው አንድ ነው፤ አዝናለሁ አለች። ማዘኗ የእውነት ነበር፣ እሱም አናደደኝ። ክፉ ብትሆንልኝ ይሻለኝ ነበር።

ትምህርት በተዘጋ በማግስቱ አባቷ ከፋው መጡ። ቀጭን፣ እጃቸው በጥጥ ፍሬ እሾህ የተቧጨረ ሰው ናቸው። ሎሪ ተራው ጋ ደርሼ ያዝኳቸው። እባክዎ አንድ ዓመት ይታገሡ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ራሴ እቆምላታለሁ፣ ይህች ልጅ እንዲህ እንዲህ አድርጋለች አልኳቸው። ጨርሰው ሰሙኝና «መምህር፣ የሠራችው ነገር ቢኖር ሰዎቹ ይሸልሟት ነበር። እሷም ራሷ ምንም አልሠራሁም ብላለች አሉ» አሉኝ።

«እንዲያ እንድትል ያስተማሯት እርስዎ አይደሉም እንዴ!» አልኩ። ሰዉ ዞሮ አየኝ።

አልተቆጡም። «እኔ ነኝ» አሉ። «ታላቅ ወንድሟን ቀበሌ ጠርተው ምን ሠራህ ቢሉት፣ ወጣቱን እያስተባበርኩ አስጠናለሁ ብሎ እየኮራ ነገራቸው። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ይህችኛዋን ማንም ምን ሠራሽ ሲልሽ፣ ምንም በይ አልኳት። ምን ላድርግ?»

አንጀቴን በሉት። ያን ደርግ የሚሉትን ነገር በየደረስኩበት ረግሜዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አልረገምኩትም። ድንበር ተሻግሮ፣ ሱዳን ድረስ ተከትሎ መጥቶ፣ በሰው አገር ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ አፏን ይዟት ነበር።

እሷ ሎሪው ላይ ወጥታ፣ የሰው ጓዝ መሃል ተቀምጣለች። ከታች ቆሜ «ልጄ፣ እኔ ነኝ የበደልኩሽ» አልኳት። «እዚያ ቁጭ ብዬ ዝም አልኩ። ይቅር በይኝ።»

«አይ ጋሼ፣ እንደሱ አይበሉ» አለች። ከዚያ ወደ አባቷ አየት አድርጋ ጎንበስ አለችልኝ። «አክስቴ ዛሬስ እፍረትሽን ተይና ተናገሪ ብላ መክራኝ ነበር። እኔም ቆርጬ ነው የገባሁት። የምለውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ሳይቀር አጥንቼው ነበር። መጀመሪያ ለወጉ ምንም አላደረግኩም ብዬ፣ ከዚያ ልቀጥል ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተውሽው?»

«ቀና ስል እርስዎን አየሁዎት። ፈገግ ብለው፣ በጣም ደስ ብሎዎት ነበር። በቃ፣ ደህና የመለስኩ መሰለኝ።»

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። አባቷ ተሳፈሩ። እኔ የሎሪውን ጎን በእጄ እንደያዝኩ ነበር፤ ረዳቱ «ልቀቅ» ብሎ ጮኸብኝና ለቀቅኩ።