ቁጥሯ ያልተፋቀው ካሜራ

የምሥራች! ጥርት ብለው ወጥተዋል። ቅንድባቸው ሳይቀር፣ የሻርፓቸው ዘርፍ ሳይቀር። ከሆስፒታል አይደለም፤ ከፊልም ነው የወጡት። የወጡትም የጋሽ ብልጭታ እናት ናቸው። ጋሽ ብልጭታ ከልብስ ስፌት ቤቴ ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ የሰፈሩን ሙሽራና ሕፃን ሁሉ ሲያነሳ የኖረ ፎቶ አንሺ ነው።

ደስታው ግን የዛሬ ነው። የከረምንበትን ልንገራችሁ።

ሰው ሁሉ በስልኩ ራሱን ማንሳት ሲጀምር ስቱዲዮው ተዘጋ። ካሜራዎቹም ተሸጠው የእናቱ መድኃኒት ሆኑ። እማማ አልጋ ከያዙ ወዲህ አጥቦና አብስሎ የሚያኖራቸው እሱ ነው። አንድ ቀን የግድግዳውን ፎቶዎች ሲወለውል ቆየና ቁጭ አለ።

"አገር ምድሩን አንስቼ እናቴን አላነሳሁም" አለኝ።

እውነቱን ነው። መጋረጃ የሚይዙት፣ ሕፃን የሚያስቁት እማማ ስለነበሩ ከካሜራው ኋላ እንጂ ፊት ቆመው አያውቁም።

"በስልክ አንሳቸውና አሳጥበው" አልኩት።

"በስልክማ አንቺም ታነሺያታለሽ። ሳታልፍብኝ በሙያዬ ላንሳት፤ ከዚያ ጨለማው ይምጣ።"

ጨለማው ያለው ያኔ አልገባኝም።

ደረጃ ሥር ወዳለው ካሜራ ጠጋኝ አብረን ሄድን። ምስሉን ራሱ የሚያጠራው ዓይነት ካሜራ በጋሽ ብልጭታ አቅም ማንገቻውም አይገዛም። ቀለበታቸው በእጅ እየዞረ ምስል የሚያጠሩ ሦስት ነበሩ። አንዷ እንደ መስታወት የምታብረቀርቅ፤ ሁለተኛዋ ሌንሷ ውስጥ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር የዘረጋባት፤ ሦስተኛዋ ቆዳዋ የተላጠ፣ የብርሃን መለኪያዋ የሞተ።

"ይቺንስ ዕውርም አይገዛት" አለ ጠጋኙ እየሳቀ።

በካሜራዎቹ ማያ ቀዳዳ መሐል የሰውን ፊት ለሁለት የምትከፍል ክብ አለች። ቀለበቱን እያዞሩ ግማሾቹን ማጋጠም ነው። ጋሽ ብልጭታ የመጀመሪያዋን ወደ እኔ አዙሮ ብዙ ታገለ።

"ፊትሽ አልገጥም አለ።"

"ድሮም አይገጥምም" አልኩት።

በሁለተኛዋም አልገጠመም። በሦስተኛዋም አልገጠመም። ጠጋኙ ተቀብሎ እንዳየባት "ገጥሟል እኮ ጋሼ" አለ። ጋሽ ብልጭታ አመሰገነና ወጣ። መንገድ ላይ ነው የነገረኝ፤ ዓይኑ እየሄደ ነው፣ ሐኪሙም አይመለስም ብሎታል።

ከዚያ ወዲያ ከቤት መውጣት ተወ። ጢሙ አደገ። በግድግዳው በኩል ጠዋት ጠዋት የምሰማው እማማን ብቻ ሆነ።

"አንሳኝ።"

ያነሳቸዋል፤ በትራስ ደግፎ ያስቀምጣቸዋል።

"አንሳኝ እንጂ።"

"አነሳሁሽ እኮ እማዬ።"

አእምሯቸው እየሄደ ነው ብለን እያዘንን ከረምን። አንድ ጠዋት የሰፋሁላቸውን አንሶላ ይዤ ስገባ፣ አሁንም ብብታቸውን ይዞ ከፍ ሊያደርጋቸው ሲል ተቆጡ።

"ልጄ፣ እኔ ሸክም ነኝ? ፎቶ አንሳኝ ነው የምልህ።"

ጋሽ ብልጭታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

"አይታየኝም እማዬ" አለ በመጨረሻ።

እማማም "መታየት ያለብኝ እኔ ነኝ፤ አንተ ምን ቸገረህ?" አሉት።

ሳይወድ ሳቀና ዞረ። ዓይኑ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለው ቢጫ ሜትር ላይ አረፈ። እጁን ዘርግቶ ዳበሰው።

"የድሮ ሌንስ ላይ ርቀቱ ተጽፏል" አለ ቀስ ብሎ። "ከተለካ ማየት አያስፈልግም።"

ተመልሰን ሄድን። አሁን የመረጠው በጥፍሩ ነው። የምታብረቀርቀው ቁጥሯ ተፍቋል። ባለሻጋታዋን ተዋት። የተላጠችው ግን ቁጥሯ ጠልቆ የተቀረጸ፣ ጥፍር የሚይዝ ነበር። ጆሮው ሥር አድርጎ መዝጊያዋን ደጋግሞ አስጮኸና ገዛት።

"መለኪያዋ ሞቷል ብሎሃል፤ ብርሃኑንስ?" አልኩት።

"የእማዬን መስኮት ብርሃን ልታስተምሪኝ ነው?"

ከእማማ ቅንድብ እስከ ካሜራው ሜትሬን ዘረጋሁ። አንድ ሜትር ተኩል። ቁጥሩን በጥፍሩ ዳብሶ ቀለበቱን እዚያ ላይ አዞረ።

"ቀሚስ ልትሰፉልኝ ነው?" ብለው እማማ ሲስቁ ነው ጋሽ ብልጭታ መዝጊያዋን የተጫነው።

ፎቶው ዛሬ ታጥቦ መጣ። ጋሽ ብልጭታ አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየውና ለእኔ ሰጠኝ።

"ጠርታለች?"

"ጥርሳቸው የወለቀበት ሳይቀር" አልኩት።

እማማ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ያዙት። "ይቺ እናቴን ትመስላለች" ብለው ደረታቸው ላይ አደረጉት። እሱ ካሜራዋን በጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀላት። "በቃኝ" አለ። አሁን ከቤቱ ደጃፍ ወጥቶ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ተቀምጧል፤ ልጠራው አልደፈርኩም።

ጠጋኙ ሱቁን ሳይዘጋ ልድረስበት። ያቺ ዕውርም አይገዛትም ያላት ካሜራ ምን እንዳወጣች ከእኔ አፍ መስማት አለበት።