ጠጉሬን ማን ይንካው

ጠጉሬ ከርዳዳ ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ ስታበጥረኝ ሚዶው ተሰብሮ እዚያው ውስጥ ይቀርና «ይኸስ የአባትሽ ወገን ነው፤ እኔ የለሁበትም» ትል ነበር። ፍኖተ ሰላም ገብቼ ሥራ ስይዝ ጓደኞቼ ፐርም አስለመዱኝ፤ ከርዳዳው ተለሳልሶ ትከሻዬ ላይ ወረደ። ኋላ ግንባሬና ማጅራቴ ላይ እየሳሳ ሲመጣ ደነገጥኩና ተውኩት። መተዉም ቀላል አልሆነም። ከሥር የራሴ ከርዳዳ ይበቅላል፣ ከላይ የፐርሙ ገለባ ተንጠልጥሏል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ በነካሁት ቁጥር ይበጠሳል። ጠዋት ጠዋት ትራሴን ማየት ፈራሁ።

መፍትሔው መቁረጥ እንደሆነ አላጣሁትም። ገለባውን ጥሎ ከሥር የበቀለውን ማሳደግ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ልጆች በኩራት ያደርጉታል፣ በስልክ አይቻለሁ። የኔ እናት ግን የምትኖረው ከቡሬ ወደ ሽንዲ ሲሄዱ ከመንገዱ ገባ ካለ ገጠር ነው። እዚያ ሴት ጠጉሯን የምትቆረጠው ባሏ፣ ልጇ ወይም ወንድሟ ሲሞትባት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። የተቆረጠች ሴት ሐዘኗ እስኪወጣ ራሷን ቅቤ አታስነካም። ይህን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

ወንድሜ ደግሞ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ከወረደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። አብረውት የወረዱት ተመልሰዋል። «ሌላ እርሻ ላይ ሥራ አግኝቶ ቀረ ሲባል ሰማን» አሉን፤ በዐይኔ አየሁት ያለ ግን አንድም ሰው የለም። ኔትወርክ ሲኖር እደውላለሁ፣ ሳይኖርም እደውላለሁ። እናቴ ስለሱ መጠየቅ ካቆመች ቆይታለች፤ እኔን ከሁሉ የሚያስጨንቀኝም ይኸው ዝምታዋ ነው። ለጥር ማርያም፣ የደብራችን ታቦት በምትነግሥበት ቀን፣ ቤት እንድመጣ በሰው ልካብኛለች። እንግዲህ ጠጉሬን ተቆርጬ ደጇ ላይ ብቆም ምን እንደምትል አስቡት። አፌን ሳልከፍት መርዶ ነገርኳት ማለት ነው።

ስለዚህ የምፈልገው ቢያንስ እስከ በዓሉ ሳይቆርጥ ጠጉሬን የሚያተርፍልኝ ሰው ነበር። ፍኖተ ሰላም ፀጉር ቤት ሞልቷል፤ የሚታመን ግን ከየት ይመጣል? መጀመሪያ የገባሁባት፣ መናኸሪያው አካባቢ ያለችው፣ ገና ሻሼን ስፈታ ፊቷን አጨፈገገች። «ለዚህማ ፐርም እንጂ ምን ያደርግለታል» ብላ ሳታስፈቅደኝ ጓንቷን ማጥለቅ ጀመረች። ለዚህ ያበቃኝ ፐርሙ ነው ብላት «የኛ ጥሩው ነው» አለችኝ። ሁሉም ዘንድ ያለው ጥሩው ነው። ወጣሁ።

ሁለተኛዋ ደግ ትመስላለች። ካውያ እንዳታስጠጊብኝ ስላት «እሺ የኔ ቆንጆ፣ በቢጎዲን ብቻ ነው የምጠቀልልሽ» ብላ ማለችልኝ። አጥባ አደረቀችኝ። ዐይኔን ጨፍኜ ስለ ወንድሜ ሳስብ የተቃጠለ ጠጉር ሸተተኝ። ስገልጥ ካውያው ከጆሮዬ በላይ ይጨሳል። «ጫፉን ትንሽ ላለሳልሰው ብዬ እኮ ነው» አለች፣ አንዱ ዘለላ ተበጥሶ እጇ ላይ ቀርቶ። ፎጣዋን በትከሻዬ እንደያዝኩ ተነሥቼ መንገድ ወጣሁ፤ ንዴቴ በረድ ሲል ነው የሰው ፎጣ ይዤ መሄዴን ያወቅሁት። ተመልሼ በመስኮት ወረወርኩላት። ከዚያ ቤቴ እስክደርስ አለቀስኩ። ለጠጉሬ ይሁን ለወንድሜ እኔም አልለየሁትም። እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ ይባላል፤ እኔ የትኛው እንደሆንኩ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግራት «ቡሬ ከርዳዳ የማይጠሉ ሴትዮ አሉ፤ በመንገድሽ ናቸው፣ ሞክሪያቸው» አለችኝ። በዓሉ ሊደርስ ሲል ልብሴን በቦርሳ ይዤ ተነሣሁ። ቤታቸው ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። በሩ ላይ ስደርስ ልቤ ድንግጥ አለ። ሴትዮዋ በዕድሜ ከእናቴ ብዙም አያንሱም፤ ጠጉራቸው ግን እንደ ወንድ አጭር ነው። ማን ሞቶባቸው ይሆን ብዬ እጅ ልነሣ ጎንበስ አልኩ።

«ግቢ፣ ግቢ፤ ማንም አልሞተብኝም» አሉ እየሳቁ። «የሚገባው ሁሉ እንዳንቺ ነው የሚደነግጠው። እኔ እንዲህ ስለምወደው ነው።»

ሚዶ አላነሡም። በጣታቸው ገባ እያሉ ሥሩን ዳሰሱ፣ ጫፉን በብርሃን አዩ። እኔ በመስታወቱ ጠጉሬን ትቼ ፊታቸውን ነበር የማየው።

«ውሸት አልነግርሽም» አሉ። «ሹሩባ ብሠራሽ ሲጎተት ከሥሩ ይነቀላል። ካውያው የነካው ደግሞ ዛሬ ነገ ሳይል ይረግፋል።»

«እትዬ፣ እባክዎ እስከ ማርያም ብቻ ያቆዩልኝ» አልኩ። እናቴን፣ ወንድሜን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ገጠር ስገባ እናቴ ሁልጊዜ አስቀምጣ ቅቤ እንደምትቀባኝም ነገርኳቸው።

«እንግዲያው እጇ ላይ ነው የሚረግፈው» አሉኝ። «ልጇ ታማ ጠጉሯ የረገፈ ይመስላታል። ከዚያ መቆረጡ አይሻልም? ለሐዘን የሚቆረጥ በምላጭ ነው፣ ጠርዝም አያሳምርም። እኔ በመቀስ ጣት ያህል ትቼ ክብ አድርጌ እቆርጥሻለሁ። እናት ዐይኗን ባታምን እጇን ታምናለች።»

ሰው ያመንኩት ያን ጊዜ ነው፤ የፈለግሁትን ስላልነገሩኝ። ይቁረጡኝ አልኳቸው። ሲጨርሱ በመስታወቱ ያየሁት የልጅነት ራሴን ነው፤ ጥቅልል ጥቅልል ያለ ከርዳዳ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን መስታወቱን ትቼ ሻሼን ፈለግሁ፤ ያሰሩልኝ እሳቸው ናቸው።

በሽንዲ ሚኒባስ ውስጥ ነፋሱ ሻሼን ወደ ኋላ ገፋው። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ራሴን አይተው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ። ማን ነው?»

«ማንም አልሞተብኝም፣ አባቴ። ፐርም አበላሽቶብኝ ነው።»

«እሱስ ነው» አሉ፤ ኮፍያቸውን ግን መልሰው አላጠለቁም። አላመኑኝም። እኔም ብሆን አላምንም ነበር፤ ባገራችን ሞት ሲደበቅ እንዲህ ነው የሚደበቀው። ከመኪናው ወርጄ በእግሬ ስሄድ ለእናቴ የምነግራትን እያለማመድኩ ነበር፣ የምለው ሁሉ ግን የመርዶ መጀመሪያ መሰለኝ።

እናቴ ደጃፍ ተቀምጣ ባቄላ ትለቅም ነበር። ተነሥታ አገላብጣ ሳመችኝ። ስታቅፈኝ እጇ እንደ ልማዱ ወደ ማጅራቴ ሄደና ባዶ ሆነበት። ቆመች። ሻሼን ቀስ አድርጋ ገፈፈችው። እሪ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋን እንኳ ሳትለውጥ ጠየቀችኝ።

«መቼ ነው?»

ይኸን ጥያቄ ስንት ሌሊት ይዛው እንደኖረች ያን ጊዜ ገባኝ። «እማዬ፣ እሱ አይደለም። ማርያምን፣ ምንም የሰማሁት የለም። ጠጉሬ ተበላሽቶ ነው» እያልኩ መማል ጀመርኩ። ስምል ደግሞ የባሰ ውሸት መሰለብኝ። ሳታስጨርሰኝ ወደ ጓዳ ገባች። ለጋ ቅቤ በሳህን ይዛ ወጣች።

«ቁጭ በይ» አለች። «እውነት እሱ ካልሆነ ተቀቢ።»

ሳህኑን አየሁት። ወንድሜ መሞቱን አላውቅም፤ መኖሩንም ግን አላውቅም። ያ ቅቤ ራሴን ከነካ በሕይወት አለ ብዬ መመስከሬ ነው። ምናልባት በዚያች ሰዓት የትም ቆላ ወድቆ ይሆናል፣ እኔ እኅቱ ቅቤ ልቀባ። እምቢ ብል ደግሞ ገደልኩት። ጉልበቷ ሥር ቁጭ ብዬ ራሴን ዝቅ አደረግሁ።

ወዲያው አልቀባችኝም። መጀመሪያ በደረቅ እጇ ዳሰሰችኝ፣ ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ፣ ጠርዙን ዙሪያውን፣ ጥቅልሉን እየዘረጋች እየለቀቀች። «በመቀስ ነው» አለች ለራሷ። ከዚያ ትንፋሽዋ ሲወጣ ራሴ ላይ ተሰማኝ። ቅቤው ቀዝቃዛ ነበር። «ይኸ የአባትሽ ወገን ተመልሶ መጣ» አለችና ማሸት ጀመረች።

ስትጨርስ በሳህኑ ከቀረው ቅቤ በጣቴ ጠረግ አደረግሁና «ነይ፣ አንቺንም ልቀባሽ» ብዬ ሻሽዋን ፈታ አደረግሁት። ጠጉሯ ደርቆ እንደ ሣር ሆኗል። ቅቤ ካየ ወራት አልፎታል፤ አልተቆረጠችም፣ አልተቀባችምም። እጄን ይዛ መለሰችው፣ ሻሽዋንም አጥብቃ አሰረች።

«የኔን እሱ ሲመጣ» አለች፤ ሳህኑን ከድናም ወደ ጓዳ መለሰችው።