ስድሳ የሌለው ማሽን

ልኩራራ ብል ማንም አይከለክለኝም፤ አምቦ ውስጥ ስድስት ጎን ያለው ብረት አሳምሮ የሚገጥም ሰው ከፈለጋችሁ ወደ እኔ ነው የምትላኩት። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በብረታ ብረት ተመርቄ አንድ ወርክሾፕ በተቀጠርኩበት ዓመት ግን ሥራዬ ቀለም መቀባት ብቻ ነበር። መቁረጫ ማሽኑን ከባለቤቱ በቀር ማንም አይነካውም። ደንበኛ ሲመጣ «ልጅቷ ትቀባዋለች» ይላል፤ እኔም አንጀቴ እያረረ እቀባለሁ።

አንድ ቀን ከጌዶ ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጡ። በግቢያቸው ምእመናን ከፀሐይ የሚጠለሉበት፣ ጣሪያው ስድስት ጎን የሆነ ዳስ ሊያሠሩ ነው። ለጣሪያው ዙሪያ የሚሆነውን ቱቦላሬ ብረት በአይሱዙ ጭነው አምጥተዋል፤ ለስድስት ጎን ስድስት ብረት፣ ትርፍ የለውም። ከመካከላቸው አንዱ የሒሳብ መምህር ነው።

«እያንዳንዱ ጥግ መቶ ሃያ ዲግሪ ነው። ሁለት ብረት ስለሚጋጠም ግማሹን፣ ስድሳ ስድሳ ትቆርጣላችሁ» አለ። ልክ ነበር።

እነሱ እንደሄዱ ባለቤቱ ማሽኑ ላይ ስድሳን ፈለገ። የለም። ቁጥሩ አርባ አምስት ላይ ያልቃል። እኛ ዘንድ የሚሠራው በርና መስኮት ነው፤ የበር ጥግ ዘጠና፣ ግማሹ አርባ አምስት። የማሽኑን ማዕዘን የሚይዘው ብሎን እዚያው አርባ አምስት ላይ ዝጎ ቀርቷል፤ ማሽኑ ከተገዛ ጀምሮ ያላላው ሰው ያለ አይመስለኝም።

«በአርባ አምስት እንቆርጠዋለን፤ ክፍተቱን ብየዳ ይሞላዋል» አለ።

የሙያችን በሽታ ይኼ ነው። ጠማማውን ብየዳ፣ ብየዳውን ስቱኮ፣ ስቱኮውን ቀለም ይሸፍነዋል፤ ቀቢዋ ደግሞ እኔ። በአርባ አምስት የተቆረጠ ብረት በአራተኛው ጎን ተዘግቶ ያልቃል። የቀሩትን ሁለት ጎኖች የት ሊያደርጋቸው ነው? ተናደድኩ፤ ብሩሹን አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ሠላሳ ላይ ነው የሚቆረጠው።»

«ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ የመቶ ሃያ ግማሽ ከመቼ ወዲህ ነው ሠላሳ የሆነው?»

«ማሽኑ ዜሮ የሚለው ዲስኩ ብረቱን ቀጥ ብሎ ሲያቋርጠው ነው። እሱ ዜሮ ሲል ብረቱ ላይ ያለው ዘጠና ነው። ስለዚህ ብረቱ ላይ ስድሳ እንዲወጣ ማሽኑ ሠላሳ ማለት አለበት። አርባ አምስት ግን ከብረቱም ብንቆጥር ከማሽኑም ብንቆጥር ያው አርባ አምስት ነው፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ልዩነቱን ያላየነው።»

ጎንበስ ብሎ የማሽኑን ቁጥሮች አየ። ብንሞክረው ደስ ባለኝ፤ ግን ቁርጥራጩን ሁሉ ቆራሌው ጠራርጎ ወስዶታል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ» አለ በመጨረሻ። «ብረቱ የሰው ነው። ከተበላሸ ነገ እንዳትመጪ።»

ይህን ብሎ ፈቀቅ አለልኝ። ብሎኑ ላይ የተቃጠለ ዘይት አፍስሼ በመዶሻ እየመታሁ አላላሁት። እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነበር። እንጭኒ የምትኖረው እናቴ ገና ስመረቅ ጀምሮ «ይኼ የወንድ ሥራ» እያለች ነው፤ ተባርሬ ብመለስ ምን እንደምትለኝ ከወዲሁ ይሰማኛል። ደግሞ አንድ ዲግሪ ብስት እያንዳንዱ ጥግ ላይ ሁለት ይሆናል፤ በስድስቱ ጥግ አሥራ ሁለት። እስከ አምስተኛው ሁሉም ያማረ ይመስላል፤ ጉዱ የሚወጣው ስድስተኛው ላይ ነው። ደጋግሜ ለካሁና ቆረጥኩ።

ብረቶቹን ሲሚንቶው ላይ ደርድሬ የመጨረሻውን ሳስገባ በሁለቱም ጫፍ ልክክ አለ። ጥፍር አያስገባም። ባለቤቱ ተንበርክኮ ስድስቱንም ጥግ በጣቱ ዳሰሰ። «ጋሪዳ» አለ። በኦሮምኛ «ጥሩ ነው» ማለቱ ነው፤ ከእሱ አፍ ይህም ብዙ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሊወስዱ ሲመጡ እኔ ማሽኑ ላይ የሌላ ሰው መስኮት እየቆረጥኩ ነበር። መምህሩ ጥጎቹን አንድ በአንድ አይቶ «ማን ነው የቆረጠው?» አለ።

ባለቤቱ ብሩሽ ይዞ፣ እጁ እስከ ክርኑ ቀለም ሆኖ ቀና አለ።

«እሷ ናት ቆራጯ» አላቸው። «እኔ እቀባለሁ።»