የአባቴ መዝገብና የጥብስ ቅጠሉ እንክብል

እናቴን እስካሁን ከልቤ ይቅር አላልኳትም። ይህን ስጽፍ እንኳ ንዴቱ አልበረደልኝም።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ቆቃ፣ ኃይል ማመንጫው ውስጥ በፈረቃ ይሠራ ነበር። በየሰዓቱ የውሃውን ከፍታ አይቶ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ ሲወጣም ለሚተካው ተረኛ ማስታወሻ ይተውለታል፦ ይሄኛው ቧንቧ ያንጠባጥባል፣ ያኛውን እንዳትነካው። ቤትም ያው ነበር። ሱቅ ሲልከን እንኳ በወረቀት ጽፎ ነው። እንግዲህ ይህን ሰው ነው አንድ ቀን የገዛ ቤቱ ጠፍቶበት የባጃጅ ሹፌር እያጠያየቀ ያመጣልን።

ሐኪሙ ስለ እርጅናና ስለ መርሳት የሚባለውን አለ። እኔ ግን አዳማ ውስጥ መድኃኒት ቤት ያለኝ ሴት ነኝ፤ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም አልኩ። የመጀመሪያ ልጁ ነኝ፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር እኔን እንዳይረሳኝ ነበር የምፈልገው። በዚያው ሰሞን ጫማው የሚያብረቀርቅ አንድ የሽያጭ ወኪል ከአዲስ አበባ መጥቶ ከጥብስ ቅጠልና ከእርድ የተጨመቀ እንክብል ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረ። "አንቲኦክሲዳንት ነው። አንጎልም እንደ ብረት ይዝጋል፤ ይሄ ዝገቱን ይከላከላል" አለኝ። ተምሬዋለሁ እኮ። ሰው ላይ የታየው ማስረጃ ጠንካራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ተቀበልኩት። አባቴ ሲሰማ ሳቀና "ዝገት ከሆነማ ቀለም ቀቢኝ" አለኝ።

ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ይውጣል። እኔም በየቀኑ ምሳ ሰዓት ወላጆቼ ቤት እየሄድኩ እፈትነው ጀመር። ሁልጊዜ አራት ጥያቄ፣ ሁልጊዜ በዚያው ተራ፦ ዛሬ ምን ቀን ነው? ቁርስ ምን በላህ? ትናንት ማን ደወለ? እኔ ማን ነኝ? መጀመሪያ ላይ ሁለቱን ይስት ነበር። በሁለተኛው ወር አንዱንም አልሳተም። አሮጌ መዝገቡን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ እንዳጎነበሰ ይመልስልኛል። መዝገቡን መያዙ የሥራ ናፍቆት ነው ብዬ አንጀቴን ይበላኝ ነበር። "አንቺ ትልቋ ልጄ ነሽ" ሲለኝ ደግሞ የምሆነው ይጠፋኛል።

ደስታዬን መቼ ለራሴ ያዝኩት! ለደንበኛው ሁሉ አወራሁ። ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመላለስ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር "አካም ጅርታ ዶክተር፣ ያን አባትሽ የሚወስዱትን ለእናቴ ስጪኝ" እያለ ይመጣል። ስለ እንክብሉ አንድም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። የሚያምነው አባቴን ነው።

አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ዱከም ዕቃ ልቀበል ስወጣ፣ ሳልናገር እነሱ ቤት ጎራ አልኩ። በሩን አባቴ ከፈተልኝ። "ደህና አደሩ? ማንን ፈልገው ነው?" አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። "ባለቤቴ ጓዳ ናት፤ ይግቡ፣ ይቀመጡ" ብሎ እንደ ማንኛውም እንግዳ ወንበር ሳበልኝ። እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። እኔን ስታይ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር መዝገቡን ከመደርደሪያ አውርዳ፣ አባቴን አስቀምጣ ጭኑ ላይ መዘርጋት ነበር። ያኔ ነቃሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት።

"ቆየ።"

"መልሱን ትጽፊለት ነበር?"

"ቀኑን፣ ቁርሱን፣ የደወለውን ሰው... አዎ፣ ጠዋት ጠዋት እጽፋለሁ።"

"እማዬ፣ እኔ በአባዬ እየማልኩ ነው ለሰው የሸጥኩት!"

"ደስ ብሎሽ ነበር እኮ" አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን ሳታየኝ።

ከዚህ በላይ መስማት አልቻልኩም። በሩን አላግቼው ወጣሁ። ዱከምም ቀረ። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ወኪሉ ቢዋሽ እንጀራው ነው። የእናቴ ግን አቃጠለኝ፤ በየቀኑ ምሳ እያቀረበችልኝ፣ ስደሰት እያየችኝ አታለለችኝ። ጠርሙሶቹን በሙሉ ከመደርደሪያ አወረድኩ። ሹፌሩ ሲመጣ "አልቋል" አልኩት እንጂ እውነቱን እስካሁን አልነገርኩትም። እሱን የከዳሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት እግሬ እንደለመደው ወሰደኝ። ምንም ላለመጠየቅ ወስኜ ነበር። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። አባቴ መዝገቡን ገልጦ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ አሳርፎ ጠበቀኝ። ጥያቄው ሲቀርበት ግራ ገባው። ከዚያ ድሮ ፈረቃ እንደሚያስረክብ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከላይ ጀምሮ ያነብልኝ ጀመር።

"ሐሙስ። ቁርስ ገንፎ። ትናንት ማንም አልደወለም። ለተረኛው፦ ምሳ ሰዓት የምትመጣው ትልቋ ልጅህ ናት። መድኃኒቱ ሠራ ብላ ደስ ብሏታል። አታሳፍራት።"

ተነሥቼ ከጀርባው ቆሜ አየሁት። በየጠዋቱ እየተፋቀ የሚጻፈው የእናቴ እርሳስ የላይኛዎቹ ሦስት መስመሮች ላይ ብቻ ነበር። የቀረው በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ገና እኔን ሳይረሳኝ የተጻፈ የአባቴ የራሱ ጽሕፈት ነው። ለካ እሱም አብሯት ነበር።

መነጽሩን ገፋ አድርጎ ቀና አለና አየኝ።

"ልጄ መጣች እንዴ?" አለኝ።