ለአምስቱ ብቻ የተመረቀ ምርቃት

መርዳሳ ጀቤሳ አዳማ የከባድ መኪና ጋራዦች ሰፈር ባሌስትራ፣ የመኪና ሸክም የሚችለውን ተደራራቢ ብረት፣ ሲጠግን ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሰው ግን በሙያው አያውቀውም። ከሞያሌ የመጣ ሾፌር «ባሌስትራ የሚሠራው መርዳሳ የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «የቅርጫት ኳሱን መርዳሳ ነው የምትለው?» ብለው መልሰው ይጠይቁታል። የአዋሽ ጮራ ሴቶች ቡድን ተጫውቶ እሱ የቀረበትን ቀን የሚያስታውስ የለም። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሰዓቱን ሰርቆ ሲያይ ተይዟል፤ ሚስቱ ፍሬሕይወት ያቺን ቀን እስካሁን አልረሳችለትም።

ቡድኑ ጨዋታ ባለው ቁጥር ልጆቹ ተሰልፈው መጥተው አንገታቸውን ደፍተው በፊቱ ይቆማሉ። መርዳሳ እርጥብ ሳር በእጁ ይዞ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ይመርቃል። ደጋፊው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ አፍ አሜን ይላል። ሥራውን የወረሰው ከእሱ በፊት ይመርቁ የነበሩት ሽማግሌ ሲያርፉ ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመት ለመራቂነት ገና ልጅነት ነው ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ፤ እሱ በመረቀ በመጀመሪያው ዓመት ቡድኑ ሦስተኛ ሲወጣ ግን ማጉረምረሙ ቆመ። የሠመረ ምርቃት ዕድሜ አይጠየቅበትም።

ዘንድሮ ቡድኑ ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው የሻሸመኔ ቡድን ነው፤ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። የመጀመሪያው ጨዋታ ቅዳሜ አዳማ ላይ ሆነ። ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም፤ ባጃጁም የቡድኑን ቀለም አንጠልጥሎ ይዞራል። መርዳሳ ግን ከሐሙስ ጀምሮ እህል አልወርድ አለው። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም። ምክንያቱ አሥራ ሁለት ቁጥር ለብሳ ተቀያሪ ወንበር ላይ የምትቀመጠው የገዛ ልጁ ዲንቄ ናት።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ዲንቄ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ፣ አንድ ጨዋታ ላይ «ተቀያሪ አስገባ» የሚለውን ጩኸት ያስነሣው ራሱ መርዳሳ ነበር። ጩኸቱ በረታ፣ አሰልጣኙ ሰማ፣ ዲንቄን አስገባት። በአራተኛው ደቂቃ ኳስ ልትይዝ ዘላ ስትወርድ ግራ ጉልበቷ ዞረ። ጅማቱ ተበጥሶ ነበር። ከዚያ ቀዶ ጥገና፣ ከዚያ ክራንች፣ ከዚያ ዓመት የፈጀ የጉልበት ልምምድ መጣ። አሁን ሐኪሙ ድናለች፣ ትጫወት ብሏል፤ ልምምድ ላይም ከማንም አታንስም። የሐኪሙ ቃል ግን ከመርዳሳ ጆሮ አልፎ ወደ ውስጥ አልገባም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ልጁ የቤቱን ደረጃ ስትወርድ እንኳ የሚያየው ጉልበቷን ነው።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ፀሐይ የመቀመጫውን ሲሚንቶ አግላው ሰው ካርቶን እያነጠፈ ተቀመጠ። ልጆቹ ተሰለፉ። መርዳሳ ሳሩን ይዞ ቀረበ፤ ዐይኑ በመጀመሪያ ያረፈው በዲንቄ ግራ ጉልበት ላይ፣ ጥቁሩ ማሰሪያ ላይ ነበር። ሌሊት ሲያሰላስለው ያደረውን ነገር ለመናገር ያሰበ አልመሰለውም፤ አፉ ግን ተናገረው።

«አምስታችሁን ጉልበታችሁን ያጽናላችሁ። አይድከማችሁ፣ ተቀያሪ አያሻችሁ። ወንበር ላይ ያላችሁ በሰላም ተቀምጣችሁ በሰላም ተነሡ። ነጋን ገላ፣ ሁላችሁም በሰላም ቤታችሁ ግቡ።»

ሕዝቡ አሜን አለ። ማን ያስተውላል? ምርቃት ሲሰሙ አሜን ይላሉ እንጂ አይመረምሩትም። አሰልጣኙ ኪሩ ብቻ ቀና ብሎ አየው። ኪሩ እዚያው ሰፈር ያደገ፣ ከልጅነቱ የመርዳሳን ቤት እንደ ቤቱ የሚያውቅ ሰው ነው። መርዳሳ ዐይኑን ወደ ሳሩ መለሰ።

እስከ እረፍት ድረስ ሁሉ ነገር ያማረ ነበር። ጨዋታውን የምታቀናብረው ኢሕሳን ኳሱን እንደ ልቧ ስታዘው ቡድኑ በአሥራ አራት ነጥብ መራ። ከእረፍት በኋላ ግን የሻሸመኔው አሰልጣኝ ሦስት ሦስት ልጅ ይቀያይር ጀመር፤ የምትገባው ሁሉ ገና ከቤቷ የወጣች ትመስላለች። ኪሩ የያዘው እነዚያኑ አምስቱን ነው፤ አልፎ አልፎ ስድስተኛ አንዲት ልጅ። በአራተኛው ኳርተር ኢሕሳን እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታለከልክ ጀመር። ደጋፊው «ተቀያሪ፣ ተቀያሪ» እያለ ሲሚንቶውን በእግሩ መታ። መርዳሳ አፉን አልከፈተም። ኪሩ ሁለት ጊዜ ወደ ወንበሩ ዞረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀና ብሎ መርዳሳ ወደተቀመጠበት ተመለከተ፤ ሁለቱንም ጊዜ እጁን አጣጥፎ ወደ ሜዳው ተመለሰ።

ሃምሳ ስምንት ለስልሳ አንድ ተሸነፉ። ኢሕሳን የእግሯ ጡንቻ ተኮማትሮ በሁለት ሰው ተደግፋ ወጣች። ዲንቄ በሁለት እግሯ ረግጣ፣ ማንም ሳይደግፋት፣ ውኃ ጠርሙስ ይዛ ከኋላ ስትከተል መርዳሳ አያት። ደረቱ ቀለል አለው። ቡድኑ በሜዳው ተዋርዶ እሱን ቀለለው። ወዲያው እንዲህ በመሆኑ በራሱ እጅግ አፈረ።

ከጨዋታ በኋላ ደጋፊው የሚሰበሰበው አንድ ጁስ ቤት ነው። ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር አምባዬ ደብተራቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፤ የእያንዳንዷን ተጫዋች ደቂቃና ነጥብ ይጽፋሉ። የሻሸመኔ ተቀያሪዎች ሃያ ሰባት ነጥብ አግብተዋል፤ የእኛዎቹ ሁለት። አምባዬ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፣ ይህ አሰልጣኝ ግን ሃምሳውንም ሎሚ በኢሕሳን ጭንቅላት ላይ ጫነው አሉ። ነገሩ ያኔ ተቀጣጠለ። አንዱ ኪሩ ልጆቹን አያምናቸውም አለ። ሌላው ፈሪ ነው አለ። አንዱ ደግሞ ከሁለተኛው ጨዋታ በፊት ይነሣልን ብለን ለክለቡ ፊርማ እናሰባስብ አለ፤ ሐሳቡ ብዙ ራስ አስነቀነቀ።

አምባዬ ወደ መርዳሳ ዞረው የባሌስትራውን ነገር እንዲያስረዳላቸው ጠየቁት። ድሮ ይህን መናገር ይወድ ነበር፤ ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ የሚወጣ መኪና በላይኛው ረጅም ብረት ብቻ አይሄድም፣ ሸክሙን የሚችሉለት ከሥር የተደራረቡት አጫጭሮቹ ናቸው፣ ቡድንም እንደዚያ ነው ይል ነበር። ዛሬ ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። «ኪሩ የሚያደርገውን ያውቃል» ብቻ አለና ስፕሪሱን ሳይጨርስ ወጣ።

ቤቱ ሲደርስ ዲንቄ ግቢው ውስጥ ጫማዋን ታጥባለች። ጉልበቷን እንዴት እንደ ሆነ ጠየቃት። እሷ ግን ብሩሹን አስቀመጠችና ኪሩን ሲሰድቡት ዝም ብሎ መውጣቱን እንደ ሰማች ነገረችው። ለካ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤት ገብቷል።

«አባዬ፣ ኪሩ ሁለት ጊዜ ሊያስነሣኝ ነበር» አለችው። «ሁለቱንም ጊዜ አንተን አየና ተወው። ከጨዋታው በኋላ ይቅርታ ሊለኝ መጣ። ‹አባትሽ በሰላም ተቀመጪ ብሎ የመረቀሽን እኔ ምን ቆርጦኝ ላስነሣሽ› አለኝ።»

መርዳሳ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ምርቃቱ ማንም ሳያስተውለው በሰው ጆሮ ያለፈ መስሎት ነበር። ሽማግሌ ከመረቀው መስመር ማለፍ ለኪሩ ሞት መሆኑን እያወቀ ነው የተናገረው፤ ይህንን አሁን ከራሱ ሊደብቅ አልቻለም።

«ፈርቼ ነው» አለ።

«እኔም እፈራለሁ። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ያለቀስኩት ለመቀመጥ አይደለም።» ድምጿ ዝግ አለ። «አንተ ግቢ ካላልከኝ ሻሸመኔ ላይ አልገባም። ያለ አንተ ምርቃት ገብቼ አንድ ነገር ብሆን ዕድሜህን ሙሉ ራስህን ስትበላ ትኖራለህ። ያንን አልፈልግም። ስለዚህ ነገሩ አንተ እጅ ላይ ነው።»

ያ ሳምንት አልገፋ አለው። ቀን ሥራ ላይ የአንዱን መኪና ባሌስትራ ለሌላው ገጥሞ ባለመኪናው ሲስቅበት ዋለ። የፊርማው ወረቀት ጋራዡ ድረስ መጣ፤ አሥራ ሰባት ሰው ፈርሟል። መርዳሳ እጄ በግራሶ ቅባት ተጨማልቋል ብሎ መለሰው። ማክሰኞ ፍሬሕይወትን በወሬ በወሬ አድርጎ፣ አንቺ እናት ነሽ፣ ልብሽ ምን ይልሻል አላት። ዲንቄን እንድትከለክልለት ነበር። ሚስቱ ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ናት፤ የመጣበትን መንገድ አወቀችው።

«እኔም እንቅልፍ የለኝም» አለች። «መከልከሉን ግን በእኔ አታሳብብ።»

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የቡድኑ አውቶቡስና ሦስት የደጋፊ ሚኒባስ ክለቡ በር ላይ ቆሙ። ኢሕሳን መጥታለች፤ እግሯ ግን ከግማሽ ጨዋታ በላይ እንደማይችል ሁሉም ሰምቷል። ኪሩ ከአውቶቡሱ አጠገብ ብቻውን ቆሟል፤ ሰላምታ የሰጠው ሰው ጥቂት ነው። ልጆቹ ተሰለፉ። መርዳሳ ሳሩን ይዞ ወጣና ቆመ።  ሰው አሜን ለማለት አንገቱን ደፋ። እሱ ግን የተናገረው ለልጆቹ ሳይሆን ለደጋፊው ነበር።

«ባለፈው ቅዳሜ የመረቅኩት ለአምስቱ ብቻ ነው። ዲንቄ እንዳትገባብኝ ፈርቼ ነው። ኪሩ ቃሌን አክብሮ ነው የተሸነፈው። ስትሰድቡት ቁጭ ብዬ ሰማሁ። የምትፈርሙ ከሆነ በእኔ ላይ ፈርሙ።»

 ከኋላ አንድ ሰው አጉረመረመ፣ ሌላው ዝም አሰኘው። ኪሩ መሬት መሬቱን ያያል። አምባዬ መጡና የፊርማውን ወረቀት ከያዘው ሰው እጅ ተቀብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያም ኮፍያቸውን አውልቀው ከልጆቹ ኋላ ተሰለፉ፤ እንዲመርቅ እየጠበቁ መሆኑ ነው። ሌላውም ሰው ተከተላቸው።

መርዳሳ አሥሩንም ልጆች በየስማቸው እየጠራ መረቀ። የልጁን ስም ወደ መጨረሻ አቆየው።

«ዲንቄ፣ ግቢ። ጉልበትሽ ይጽና። ብትወድቂም ተነሺ።»

አሜን አሉ። ዲንቄ ዝቅ ብላ ጉልበቱን ሳመችና ወደ አውቶቡሱ ገባች።

በመንገድ ላይ ሚኒባሱ ሲዘፍን መርዳሳ በመስኮት ያያል። መቂን አለፉ፣ ባቱን አለፉ፣ አርሲ ነገሌ ላይ ሰው በቆሎ ሊገዛ ሲወርድ እሱ አልወረደም። ሁለት ጊዜ ለኪሩ ስልክ ሊደውል አውጥቶ መልሶ ከተተው። ምን ሊለው እንደ ነበረ እሱም አያውቅም።

ሻሸመኔ ላይ ሁለተኛው ኳርተር ሲጀመር ኪሩ ወደ ደጋፊው አልዞረም። ወደ ወንበሩ ብቻ ዞሮ በጣቱ ጠራት። ዲንቄ ሱሪዋን አውልቃ በቁምጣ ገባች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መርዳሳ ኳሱ የት እንደ ሄደ አያውቅም። ያንን ጥቁር ማሰሪያ ብቻ ነው የሚያየው፤ ሲሮጥ፣ ሲቆም፣ ሲዞር።  አጠገቡ አምባዬ እየጻፉ አንድ ነገር ይነግሩታል፤ ይሰማል፣ አይገባውም።

በአራተኛው ኳርተር አንዲት ቁመታም የሻሸመኔ ልጅና ዲንቄ አየር ላይ ተጋጩ። ዲንቄ ወደቀች። የአዳማ ደጋፊ በሙሉ ዞሮ መርዳሳን አየው። እሱ ቆሟል፤ መቼ እንደ ተነሣ አያውቅም። አፉ ውስጥ «ይብቃት፣ አውጣት» የሚል ቃል ሞልቷል። ኪሩ አንድ እርምጃ ወደ ሜዳው ሄደ። መርዳሳ ጥርሱን ነከሰ። ዲንቄ ቁጭ አለች። ማሰሪያውን ወደ ላይ ሳበችው። በእጇ መሬቱን ተደግፋ ተነሣችና፣ አንድ ሁለት ጊዜ ረገጥ ረገጥ አድርጋ ሞከረችው፤ ከዚያ ኳሱን እንዲሰጧት እጇን ዘረጋች። መርዳሳ ተቀመጠ፤ የተቀመጠው በአምባዬ ደብተር ላይ ነበር።

የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ የአዳማ ደጋፊ ሁሉ ቆሞ በደስታ ይጮኻል። አንዱ በአንዱ ላይ ይዘላል፣ አንድ ሰው የመርዳሳን አንገት አንቆ ይስመዋል። እሱ በሰው ትከሻ መካከል አጮልቆ ዲንቄን ፈለጋት። ኢሕሳንን አቅፋ በሁለት እግሯ ቆማለች። በደንብ አያት፤ አሁንም ቆማለች። ያኔ የአምባዬን እጅ ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

«መምህር» አላቸው፣ «ማን አሸነፈ?»