ላንድሮቨሬ ድምጿን ያጣች ቀን

ያን ቅዳሜ ከአሊዩ አምባ በታች ያለውን ቁልቁለት ሞተር አጥፍቼ ነበር የወረድኩት... ቤንዚን ለመቆጠብ።

ጊዜው ደርግ ነው። ቤንዚን በኩፖን ነው የሚታደለው። ለእኔ የሚሰጠኝ ሽንኩርትና ማሾ ጭኜ ከሸዋሮቢት ካራቆሬ ለመመላለስ ብቻ ይበቃል። ታናሽ ወንድሜ ሙሉጌታ ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና እንዳይወሰድ ቆላ ወርዶ እትዬ ዘሀራ ቤት ተደብቋል። የእትዬ ዘሀራ ባል የአባታችን የንግድ ጓደኛ ነበሩ። ሁለቱም ካለፉ በኋላ እንኳ ቤቱ እንደ ቤታችን ሆኖ ቀርቷል።

ሙሉጌታን ያየሁት ክረምቱ ሳይገባ ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ስከፍት አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለኝ፤ «መልኩን አይተህ ንገረኝ።»

ስለዚህ ላንድሮቨሬን ጋሼ ኑሩ ዘንድ ወሰድኳት። ጋሼ ኑሩ የከተማችን መካኒክ ናቸው። መኪናዋ ዕድሜዋ ከሙሉጌታ ይበልጣል፤ ቤንዚን አጠጣጧም እንደዚያው። ከሥሯ ገብተው ቆዩና እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወጡ።

«ሞተሩ ብቻ መሰለህ የሚጠጣው? እግርህም ይጠጣል» አሉኝ።

ከነዳጅ መስጫው ፔዳል ሥር የግራር ጉማጅ አስረው እግሬን ከለከሉት። ካርቡራተሩን ፈተው አጠቡ፤ ካንዴላዎቹን አጸዱ፤ ጎማዎቹን አስነፉ። ከጣሪያዋ ላይ ያንን ከባድ የብረት ዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶ መጋላውን፣ አስወረዱ። በመጨረሻ ስንት ዘመን ሲያጓራ የኖረውን የጭስ ማውጫውን ማርሚታ ቀዳዳ በየዱት።

ሳስነሳት መነሳቷን እንኳ አላወቅሁም።

«ጋሼ ኑሩ፣ ጠፋች እንዴ?»

«እየሠራች ነው። እስካሁን ስትነዳ የኖርከው ወፍጮ ነበር።»

እውነትም ቆጠበች። ከካራቆሬ በተመለስኩ ቁጥር የተረፈውን በጀሪካን አጠራቀምኩ። ደርሶ መልስ የሚያደርሰኝን ያህል ሲሆን፣ እናቴ የሠራችውን ጭኮ ይዤ ተነሳሁ። መጨረሻው ቁልቁለት ላይ ሞተሩን አጠፋሁና ላንድሮቨሯን በራሷ ክብደት ለቀቅኋት። ወፍ እንኳ ሳላስበረግግ እትዬ ዘሀራ ደጅ ደረስኩ። በራሴ ደስ ብሎኝ ነበር...

እትዬ ዘሀራ በሩን ደፍነው ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ስወርድ ሲያዩኝ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ።

«ወላሂ... አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፤ ምነው ደነገጡ?»

«መኪናህስ የት አለች?»

«ይቺው ናት።»

«ይቺማ ያንተ አይደለችም። ያንተን እኮ ገና ከጋራው ማዶ ስታጓራ ነው የምናውቃት። ሙሉጌታ ‹ወንድሜ መጣ› ብሎ እስክትደርስ ታጥቦ ይጨርስ ነበር። ዛሬ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ብቻ ሰማን። ድምፅ የሌላት መኪና የማን እንደሆነች ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። ለምልመላ የሚወጡት ሰዎች መኪና ናት።

«ሄዷል?»

«ማሽላው ውስጥ ገብቷል።»

«ይጥሩልኝ እንጂ ታዲያ።»

«ብጠራውም ብትጠራውም አይወጣም። እኔው ነኝ ያስማልኩት። እኔን ይዘው ‹ጥሪው› ቢሉኝስ ብዬ። የማናውቃት መኪና ከመጣች፣ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ብጠራህም ሳይጨልም እንዳትወጣ ብዬዋለሁ።»

መደቡ ላይ ግማሹ የተበላ ቂጣ ነበር። ነካሁት... ገና አልቀዘቀዘም።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከቤቱ ጀምሮ እስከ ወንዙ ድረስ ማሽላ ነው፤ ሰው ቢቆምበት አይታይም። ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ብድግ እላለሁ። እትዬ ዘሀራ የዐስርን ሶላት ሰግደው ተመለሱ።

«አሁን ሂድ ልጄ። እዚህ ያደረች መኪና ነገ ለቀበሌው ወሬ ናት። ኬላውም ይዘጋብሃል» አሉኝ።

ልክ ናቸው። ጭኮውን አስረክቤ ዳገቱን ወጣሁ።

ጋራው አናት ላይ ግን ቆምኩ። መዶሻ አወጣሁና መኪናዋ ሥር ገብቼ ማርሚታውን መታሁት። ብየዳው አልተነቃነቀም፤ አጠገቡ ያለው የዛገ ቆርቆሮ ነው የተበሳው። የግራሩን ጉማጅ ነቅዬ ወረወርኩ። ገብቼ እስከ መጨረሻው ረገጥኩት።

አጓራች... ያ የድሮው ድምጿ ቆላውን ሞላው።

ደጋግሜ ረገጥኩ። ከዚያ ታች፣ ወንዙ ጋ፣ ከማሽላው ጫፍ አንድ ሰው ወጣ። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ከፍ አድርጎ አወዛወዘ። እኔም ከመኪናዋ ወርጄ ባርኔጣዬን አወዛወዝኩ። ብወርድ መልሶ የሚያወጣኝ ቤንዚን የለኝም። እሱ ልውጣ ቢል ጋራው ገላጣ ነው፤ መንገዱን ሁሉ ይታያል። ፀሐይዋም ልትገባ ነው።

እሱ ጋቢውን ሳያወርድ እኔ ቀድሜ ተነሳሁ።

እናቴ በር ላይ ነው የጠበቀችኝ።

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«ከስቷል?»

«ቁመቱ እንዳለ ነው» አልኳት። ያየሁት ቁመቱን ብቻ ነበር።

የዕለት ማስታወሻ የመያዝ ልማድ አለኝ። ያን ቀን ማታ የጻፍኩት «መኪናዋ ቤንዚን ቆጥባለች» የሚል ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ሌላ ነገር አይጻፍም።

በማግስቱ ጋሼ ኑሩ የተበሳውን ማርሚታ አይተው ሊበይዱት ብየዳቸውን አነሱ። ይተዉት አልኳቸው።

«ቤንዚን ቢበላም ይብላ ጋሼ ኑሩ፤ ትጩህ።»

«የምን ቤንዚን? ማርሚታ ቤንዚን አይበላም» አሉ እየሳቁ። «እሱን ለጆሮህ አዝኜ ነው በነጻ የበየድኩልህ።»

ቤንዚኑ እንደገና እስኪጠራቀም ማሽላው ታጨደ። ሙሉጌታ ከማዶ በድምጿ እንዲያውቃት ብዬ፣ ያንን ቁልቁለት ከዚያ ወዲህ ሞተር አጥፍቼ ወርጄው አላውቅም... ቁጠባውን ዳገት ላይ አደርገዋለሁ።