ለስግደት የሚሆን ጡት ማስያዣ

በዚያ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ የንስሐ አባቴ የሰጡኝ ቀኖና ከባድ አልነበረም። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየማለዳው አርባ አንድ ስግደት፤ ሰው ስለማማቴ። እኔና ባለቤቴ ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ኖረን፣ አራት ልጆች ወልደን፣ ቆርበን አናውቅም ነበር። በጸሎተ ሐሙስ አብረን ልንቆርብ ተስማማን።

«ከሆሳዕና በፊት ጨርሳችሁ ጠብቁኝ» አሉን አባ። «በሕማማት ኑዛዜ የለም፣ መፍታት የለም። አንዳችሁ ካልጨረሳችሁ ሁለታችሁም ትቀራላችሁ።»

ለባለቤቴ የሰጡት የእኔን እጥፍ ነበር። ምን እንደተናዘዘ አልነገረኝም፤ እኔም ቀኖናውን አይቼ አልጠየቅሁም።

እሱ ቀጭን ነው፣ የማሽላ አገዳ የመሰለ። ይታጠፋል፣ ይነሣል። ሰግዶ ጨርሶ፣ ማሳ ወርዶ፣ ሽንኩርቱን ውሃ አጠጥቶ ሲመለስ እኔ ገና አሥራ ሁለተኛው ላይ ነኝ።

«ኧረ አንቺ ሴት፣ እየሰገድሽ ነው ወይስ እያሰብሽበት ነው?» ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ልጆች ያጠባሁ ሴት ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወተት አጥሮኝ አያውቅም። ወተቱ ሄደ፣ ዕቃው ቀረ። ቀጥ ብዬ ስሄድ ጡት ማስያዣዬ እንደምንም ይይዘዋል። ግንባሬን መሬት ላስነካ ስደፋ ግን መጀመሪያ የግራው ማንገቻ ከትከሻዬ ይንሸራተታል። ቀጥሎ ዙሪያው ከኋላ ወደ አንገቴ ይወጣል። አሥራ ሁለተኛው ላይ ስደርስ መንጠቆው ይፈታና አንዱ በታች በኩል ሾልኮ ከግንባሬ ቀድሞ መሬት ይደርሳል። ተነሥቼ፣ ወደ ግድግዳ ዞሬ፣ ሁሉንም ወደየቦታው እስክመልስ ቁጥሩ ይጠፋኛል። እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ያለ ምንም መስገድንም ሞክሬያለሁ። እሱን አላወራውም።

ትከሻዬ ላይ ማንገቻው የቆፈረው ቦይ ለባለቤቴ ሽንኩርት ውሃ ይወስድ ነበር።

ጡት ማስያዣ የምገዛው እንደ አገሬ ሴት ሁሉ በገበያ ቀን ከሳልቫጅ ተራ ነው። ሸራ ላይ ይቆለላል። ሻጩ ጺማም ጎልማሳ ነው፤ ሴት ባለፈች ቁጥር አንዱን መዝዞ ያውለበልባል።

«እናት፣ ይቺ ላንቺ ናት! ዓይኔ ሜትር ነው!»

እኔም በፍጥነት ከነጠላዬና ከቀሚሴ በላይ ደረቴ ላይ አድርጌ አያለሁ፤ የማውቀው ሰው ሳይደርስ ከፍዬ ከቲማቲሙ ሥር እከተዋለሁ። በቀሚስና በነጠላ ላይ ልክ የሆነ ነገር፣ ቤት ገብተው ቀሚሱን ሲያወልቁ ሰፊ ይሆናል። ይህን ለመረዳት ሃያ ዓመት ፈጀብኝ። የአራተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ለልጆች መለካትን አስተምራለሁ። «በግምት አትጻፉ፣ ማስመሪያችሁን አውጡ» እያልኩ እቆጣለሁ።

ከደብረ ዘይት በኋላ አባ ሊጠይቁን መጡ።

«እንዴት ነው ቀኖናው፣ ልጄ?»

«አልሄደልኝም፣ አባ።»

«ምነው?»

ጡት የሚለው ቃል በቤተ ክርስቲያን ስንት ጊዜ ይነበባል። እመቤታችን ልጇን ስለማጥባቷ ሲነበብ አንገቴን ደፍቼ ስሰማ ኖሬያለሁ። ከእኔ አፍ ግን፣ የንስሐ አባቴ ፊት፣ አልወጣም።

«ወገቤን» አልኩ።

«ወገብሽን ነው? ታዲያ ጠበል አትገቢም?»

ሦስት ማለዳ ጠበል ገባሁ። ጠበሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ለሸዋ ሮቢት ሰው ይህ ብቻውን በረከት ነው። ወገቤም ድሮም ያላመመኝ ስለሆነ ፈጥኖ ዳነ። አባ ደስ ብሏቸው ቀኖናውን አቀለሉልኝ። «ያለፈውን ትቼልሻለሁ። እስከ ሆሳዕና የቀሩትን ሁለት ሳምንታት ግን አንዲት ሳታጎድዪ ስገጂ» አሉ።

በማግስቱ ማለዳ ተነሣሁ። አሥራ ሁለት ላይ ተፈታ።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ሊቀልድብኝ የመጣ ይመስለኛል፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። ማጀቴ ከተማ ያሉት እናቱ ሊያዩን እንዲመጡ ልኮባቸው ነበር። ነጭ ሱሪም አሰፍቷል።

«ግድ የለም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ለከርሞ እንቆርባለን።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ አንድ የሴቶች ልብስ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቋ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ ሙስሊም ሴት ናቸው፤ ሜትር ከአንገታቸው አይወርድም። ወፍራም የውስጥ ጉርድ ጠየቅኋቸው።

«ለምን ፈለግሽው?»

«ለስግደት፣ እትዬ። ስጎነበስ ባቴ እንዳይታይ።»

«ባትሽንስ ተይው» አሉና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ከገባሽ ጀምሮ ያንን የትከሻሽን ገመድ ሰባቴ ሳብሽው። እንዴት አድርገሽ ነው በዚህ የምትሰግጂው?»

ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩትን ለማላውቃቸው ሴት ነገርኩ። «አልሰገድኩም» አልኩ። «አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ ይፈታል።»

«አሥራ ሁለት? ጎበዝ ነሽ! እኔን ድሮ ሁለተኛው ረከዓ ላይ ነበር የሚጫወትብኝ። በቀን አምስት ጊዜ እኮ ነው የምሰግደው። ወላሂ፣ ዱዓዬ ሁሉ ‹ያ ረቢ ይቺን ነገር ያዝልኝ› ሆኖ ነበር።»

ሁዳዴ ከገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሳቅሁ።

በሩን ዘጉት። ከመደርደሪያው ጀርባ ወሰዱኝና ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱ።

«ስንት ቁጥር ነው የምትለብሺው?»

«የተገኘውን።»

«እጅሽን አንሺ። ቢስሚላህ» አሉ። እኔም በልቤ በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። ከጡቴ ሥር ዙሪያዬን ለኩ፤ ከዚያ በላዩ ለኩ። ለኩና አጉረመረሙ።

«ማነው ይህን የሸጠልሽ?»

«ዓይኑ ሜትር የሆነ ሰው።»

«ዓይኑ ይታከም። አንቺ ከሥር ዙሪያሽ ጠባብ ነው፣ ጡትሽ ትልቅ ነው። የለበስሽው ዙሪያው ሰፊ፣ ፊቱ ጠባብ። ተገላቢጦሽ! ሸክሙን መያዝ ያለበት ዙሪያው ነው እንጂ ማንገቻው አይደለም። ትከሻሽን እኮ እንደ አህያ ጫንሽው።»

አንድ ነጭ አወጡልኝ። ለበስኩት። መስታወቱ ውስጥ ከሰርጌ ወዲህ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም።

«ይህ ነው!» አልኩ።

«መስታወት ፊት ሁሉም ነው። በይ ስገጂ።»

«እዚህ?»

«እና የት? ወስደሽ፣ ሰግደሽበት፣ አልሆነም ብለሽ ልትመልሺልኝ ነው?»

የራሳቸው መስገጃ ምንጣፍ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ቆሟል። ሁለታችንም አየነው። ከዚያ ተያየን።

«እሱን አልሰጥሽም» አሉ። «ብሰጥሽም አትቀበይኝም።» ባዶ ካርቶን በምላጭ ቀደው መሬት ላይ ዘረጉልኝ። «ካርቶን የማንም አይደለም።»

«ምሥራቅ በየት በኩል ነው?»

«በበሩ በኩል።»

ወደ ተዘጋው በር ዞሬ ሰገድኩ። ሦስተኛው ላይ የነጩ ዙሪያ ወደ ላይ ወጣ። «አውልቂው» አሉ። ጥቁሩን ለበስኩ። እየሰገድኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። በበሩና በእኔ መካከል አንዲት ላሜራ ናት ያለችው። ደነገጥኩ።

«ተዘግቷል!» ብለው ጮኹ ባለሱቋ። «ሰው እየሰገደ ነው!»

«አላህ ይቀበላት!» አለ ከውጭ የሴት ድምፅ።

አልዋሹም። እኔም አሜን አልኩ። ጥቁሩ ግን አምስተኛው ላይ ከዳኝ።

ካርቶን ሙሉ ዕቃ ገለበጡ። በእኔ ልክ የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ ደማቅ ቀይ፣ ጠርዙ ላይ ዳንቴል ያለው።

«ይሄንን በሁዳዴ?» አልኩ።

«ቀሚስሽ ውስጥ ማን ያየዋል?»

«እግዚአብሔር ያየዋላ።»

«እሱማ ችግርሽንም አይቷል። ልበሺ።»

ለበስኩ። አንድ ሰገድኩ፣ አምስት ሰገድኩ። ምንም አልተነቃነቀም። ትከሻዬ ላይ ክብደት አልነበረም፤ መጀመሪያ ማንገቻውን ማድረግ የረሳሁ መስሎኝ በእጄ ዳሰስኩ። አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ ትንፋሼን ዋጥኩ። አሥራ ሦስት። ግንባሬን ካርቶኑ ላይ እንዳስነካሁ ቆየሁ።

«ምነው? ጠበበሽ እንዴ?»

«አይ። ተመስገን እያልኩ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ። በይ ተነሺ፣ ደንበኛ በር ላይ ቆማለች።»

የዚያን ማለዳ የጎደለውን በዚያው ማታ ሞላሁና ያችን አንዷን ይዤ ሁለቱን ሳምንታት ሰገድኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጥባታለሁ፤ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ልብሱን ከነእጄ ነው የሚያደርቀው። ስለ ሙቀታችን አማርሬ እንጂ አመስግኜ አላውቅም ነበር፤ በእነዚያ ቀናት አመሰገንኩ። ሰው እንዳያይብኝ የባለቤቴን ሸሚዝ በላይዋ አሰጣለሁ። አንድ ቀን ሸሚዙን ሊያነሣ ሄዶ እጁ ላይ ይዟት መጣ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የቀኖናዬ ነው» አልኩ።

አገላብጦ አየና፣ «አባ እንዲህ ዓይነት ቀኖና ለእኔስ ለምን አልሰጡኝም?» አለ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ግን፣ «ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያምሽ አልነገርሽኝም» አለኝ።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ አባ መጡ። ባለቤቴ መጨረሱን ተናገረ። እኔም መጨረሴን ተናገርኩ።

«ወገብሽስ?» አሉ።

«ደህና ነኝ።»

«አላልኩሽም!» ፊታቸው በራ። «ጠበሉ ነው! ሌሎችንም እየላክሁ ነው። ከፋሲካ በኋላ በሰንበቴው ላይ ቆመሽ ትመሰክሪያለሽ።»

ባለቤቴ ኮርኒሱን አየ። ዝም ብል ልቆርብ ነው። ዝም ብዬ ከቆረብኩ ግን በጠበሉም በአባም ላይ ዋሽቼ ነው። ደግሞ ቀኖናዬ የመጣው ከምላሴ ነበር። እዚያው ተንበረከክሁ።

«አባ፣ ወገቤን አሞኝ አያውቅም።»

«እ?»

«ጡቴ ነው። ጡት ማስያዣዬ ልክ አልነበረም። ስሰግድ ይፈታብኛል። አፍሬ ነው ወገቤን ያልኩት። ልክ የሆነውን ያገኘሁት ሙስሊም ሴት ሱቅ ውስጥ ነው፤ እሳቸው ናቸው ለክተው የሰጡኝ።»

አባ መስቀላቸውን ከቀኝ እጅ ወደ ግራ እጅ አዛወሩ። ቆይተው መለሱት። የባለቤቴ ዓይን አሁንም ኮርኒሱ ላይ ነው። እኔ ጸሎተ ሐሙስ አለፈችኝ ብዬ ነበር።

«ስለ ሐሰቱ አሥራ ሁለት ጨምሪ» አሉ በመጨረሻ።

«አሁን ልጨርሰው፣ አባ?»

«ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

ፊታቸው ሰገድኩ። ሳላቋርጥ፣ ወደ ግድግዳ ሳልዞር። ቁጥሩን ባለቤቴ ጮክ ብሎ ቆጠረልኝ። ስጨርስ አባ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርገው ፈቱኝ። ስለ ምስክርነቱ ዳግመኛ አላነሡም።

ልሸኛቸው እስከ በሩ ሄድኩ። ጫማቸውን አጥልቀው ቆሙ። ወደ መንገዱ እያዩ፣

«ሱቁ ከመነኸሪያው ወዲህ ነው ወዲያ?» አሉኝ።

«አባ?»

«ባለቤቴ ወገቤን ወገቤን ካለች ሁለት ዓመቷ ነው። ሦስት ጊዜ ጠበል ወስጃታለሁ።»

«ከመነኸሪያው ወዲህ ነው» አልኩ። «መስታወቱን እንዳያምኑት ይንገሯቸው። ሰግደው ይግዙ።»

በጸሎተ ሐሙስ ቆረብን። ባለቤቴ ነጭ ሱሪውን ለብሶ በወንዶቹ በኩል ሄደ፣ እኔ በሴቶቹ። የቆረበ ሰው አፉን በነጠላ ሸፍኖ ይቆማል፤ አይናገርም። ከዋርካው ጥላ ሥር እንደዚያ ቆሜ ሳለ የአባ ባለቤት ቆርበው ወጡና አጠገቤ ቆሙ፣ አፋቸው እንደኔው ተሸፍኗል። ለብዙ ጊዜ አላዩኝም። ከዚያ በሁለት ጣታቸው የገዛ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጉና፣ ምንም ሸክም የለም እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ።

በነጠላዬ ውስጥ ሳቄን ያዝኩ። ባለቤቴ ከወዲያ ማዶ ምን ሆንሽ በሚል ዓይን አየኝ። መናገር ስለማይቻል ቀና ብዬ ቆምኩለት።